ሳይቀምሱ የሚባል ቃል

«ኩዌት ሁለት ዓመት ኖረሽ ምን ይዘሽ መጣሽ?» የሚሉኝ ሰዎች አሉ። ጥያቄያቸው ስለ ወርቅ እንደሆነ ይገባኛል። እኔ ግን ላናድዳቸው ስለምፈልግ «አንድ የእንግሊዝኛ ቃል» እላቸዋለሁ። ይስቃሉ። ይሳቁ። ቃሉ ምን እንዳሳጣኝ ቢያውቁ አይስቁም ነበር።

ቃሉ ስለ ምግብ የሚነገር ነው። ያስተማረኝ ሰው ነህምያ ይባላል።

ያኔ ሃያ አራት ዓመቴ ነው። ሳልዋ በሚባል ሰፈር፣ ከባሕሩ ብዙም በማይርቅ ባለ ሁለት ፎቅ ቪላ ምግብ አብሳይ ነበርኩ። የወልድያ ልጅ ነኝ፤ ከአገሬ ስወጣ ከሽሮና ከድንች ወጥ ያለፈ ሙያ አልነበረኝም። ማዳም ግን በሦስት ወር ውስጥ እጄን አወቀችው። ሩዙን፣ ዓሣውን፣ በወይን ቅጠል የሚጠቀለለውን ሁሉ አንዴ አሳየችኝ እንጂ ሁለተኛ አልደገመችልኝም። እንግዶቿ «ማነው የሠራው?» ማለት ሲያበዙ፣ ምግብ እያሠራች ለየቤቱ የመሸጥ ሐሳብ መጣላት። ሠራተኛዋ እኔ፣ ነጋዴዋ እሷ።

ለንግድ ደግሞ የማስታወቂያ ካርድ ያስፈልጋል። በ1998 ዓ.ም. የሁዳዴ ጾም አጋማሽ ላይ፣ ከሹፌራችን ከረመዳን ጋር ፋርዋኒያ ወደሚገኝ አንድ ማተሚያ ቤት ላከችኝ። ረመዳን የከሚሴ ሰው ነው፤ እንደ ታላቅ ወንድም ይቆጣኛል፣ እንደ ታላቅ ወንድም ያዝንልኛል። መኪናውን የሚያቆምበት ቦታ ፍለጋ ሲዞር እኔ የማዳምን ወረቀት ይዤ ብቻዬን ገባሁ።

ከኮምፒውተሩ ኋላ የተቀመጠው ልጅ ወረቀቱን ሳይሆን እኔን አየ።

«ሀበሻ ነሽ?»

«ምን እመስላለሁ?»

«የተቆጣሽ ትመስያለሽ» አለኝ በአማርኛ።

ሳልፈልግ ሳቅኩ። ተናድጄ የምስቀው ሳቅ አለኝ፤ እሱ ግን አልለየውም፣ ደስ አለው። ወረቀቱን ተቀብሎ አነበበና ግንባሩን አሸት አሸት አደረገ።

«አረብኛው ደህና ነው። እንግሊዝኛው ላይ ግን ‹ጥሩ ምግብ› ብላ ነው የላከችው። ሰው ‹ጥሩ ምግብ› የሚል ካርድ አይቶ ስልክ አያነሳም። እስኪ ጣዕሙን ንገሪኝና ቃል ልፈልግለት።»

«ጣዕሙን አላውቀውም።»

«ማነው የሚሠራው?»

«እኔ።»

«እና አታውቂውም?»

«ሁዳዴ ነው። ሥጋ በአፌ አይዞርም።»

ቀና ብሎ አየኝ። በኋላ እንደነገረኝ እሱ ጴንጤ ነው፤ የሆሳዕና ልጅ፣ እዚያም ሁለት ዓመት እንግሊዝኛ ያስተማረ። ዓርብ ዓርብ እዚያው ፋርዋኒያ አንድ ቤት ተሰብስበው ሲያመልኩ መዝሙር የሚመራው እሱ ነው። ሁዳዴን በስም ካልሆነ አያውቀውም።

«ጨውንስ በምን ታውቂዋለሽ?»

«በእጄ። መብሰሉን በመዓዛው።»

ወደ ኮምፒውተሩ ዞሮ አንድ ረጅም ቃል ጻፈ። ጽሑፉ እንደ ባቡር አላልቅ አለኝ።

«ማውዝዎተሪንግ» ብሎ አነበበልኝ።

«ስድብ ነው?»

አሁን የሳቀው እሱ ነው። ወንበር ስቦ አስቀመጠኝና እንደ ተማሪው ያስረዳኝ ጀመር። ምግብ ቀምሶ የወደደ ሰው «ዴሊሺየስ» ይላል፤ የምስክር ቃል ነው፣ ያልቀመሰ ሰው ቢለው ይዋሻል። ይሄኛው ግን ገና ያልቀመሰ ሰው ቃል ነው። ዓይቶ፣ አሽትቶ፣ ምራቁን የዋጠ ሰው። ካርድ የሚያነብ ሰው ደግሞ ገና አልቀመሰም።

«አንቺም አልቀመስሽም» አለ። «ስለዚህ ማንም ሳይዋሽ የሚጻፈው ይሄ ነው።»

«ለሁሉም ምግብ ይባላል?»

«ለሻይ አይባልም። ለደረቅ ዳቦ አይባልም። በአንድ ካርድ ላይም አንዴ ብቻ ነው፤ ከደገምሽው ልመና ይመስላል።»

«ለሰውስ?»

ለምን እንደጠየቅኩት እስከ ዛሬ አላውቅም። ጆሮው ድረስ ቀላ።

«ለሰው ነውር ነው» አለ፣ ዓይኑን ከኮምፒውተሩ ላይ ሳያነሳ።

ረመዳን ገብቶ «ጨረሳችሁ?» ባይለን ኖሮ እዚያው አመሽ ነበር። መኪና ውስጥ ገብቼ ሳልዋ እስክንደርስ ቃሉን ለራሴ ደጋገምኩት። ረመዳን በመስታወቱ አየኝና «ምን እያልሽ ነው?» አለኝ። «ጸሎት ነው» አልኩት።

ካርዱ በወጣ በሁለት ሳምንት የማዳም ስልክ ማረፍ አቃተው። ካርድ ባለቀ ቁጥር ለማሳተም የምላከው እኔ ነኝ፤ እኔ ደግሞ ካርዱ ቶሎ እንዲያልቅ ረመዳንን በየሱቁ እፍኝ እፍኝ አስበትነው ነበር። ነህምያ ስልክ ቁጥሩን በካርድ ጀርባ ጽፎ ሰጠኝ። በሩዝ ጆንያ ሥር የደበቅኳት አንዲት ኖኪያ ነበረችኝ። ማዳም ከሰዓት ስትተኛ ድስቴን እያማሰልኩ በትከሻዬና በጆሮዬ መሃል እይዛታለሁ።

«ዛሬ ምንድን ነው?»

«ዶሮ። ቆዳው ደርቆ ኩርሽም ኩርሽም የሚል።»

«ክሪስፒ ይባላል።»

«ሥጋው ግን በጣት ሲነካ የሚለቅ።»

«ቴንደር።»

«አንተስ ምን በላህ?»

«ቱና በዳቦ። ቃል የለውም።»

የእኛ ፍቅር እንዲህ ነበር። ሌሎች በግጥም ይዋደዳሉ፤ እኛ ስለ ዶሮ ቆዳ እያወራን ተዋደድን። ፋሲካ ካለፈ በኋላ አንድ ቀን ማችቡስ በሳህን አድርጌ፣ ሸፍኜ፣ በረመዳን እጅ ላክሁለት። ማችቡስ ሩዙ በሥጋው መረቅ የሚበስል የእነሱ ምግብ ነው፤ በውስጡ የደረቀ ጥቁር ሎሚ ይገባል። ማታ ደወልኩ።

«ሎሚው በዝቷል» አለኝ።

ሦስት ቀን አላናገርኩትም። በአራተኛው ቀን ማችቡስ ደግሜ ስሠራ ከድስቱ ቀመስኩና በእርግጥም በዝቶ አገኘሁት። ደወልኩለትና «አንተ ሰውዬ፣ ለሴት እንዲህ ይባላል?» አልኩት። «ሌላው ሰው ሁሉ ያመሰግንሻል፤ እኔ ግን እውነቱን ልንገርሽ ብዬ ነው» አለ። ያን ጊዜ ነው በቃ የሱ የሆንኩት። በዚያ አገር እውነት የሚነግረኝ ሰው ያገኘሁ መሰለኝ።

በታኅሣሥ ማዳምና ቤተሰቧ ለሽርሽር በረሃ ድንኳን ሊተክሉ ሲሄዱ፣ ረመዳን ለግማሽ ቀን ሰረቀኝና ፋርዋኒያ አወረደኝ። ጾመ ነቢያት ነበር። ነህምያ ዕቃ የሚገዛ፣ ገንዘብ የሚልክ ሰው የሚተራመስበትን መንገድ አልፎ አንዲት ትንሽ መናፈሻ ወሰደኝና ፈላፍል ገዝቶ ሰጠኝ። «ሦስቴ ጠይቄያለሁ፤ ሽምብራና ዘይት ብቻ ነው፤ እርጎውን አስወጥቻለሁ» አለኝ። ለጾሜ እንዲህ የተጨነቀልኝ ከእናቴ ቀጥሎ እሱ ነው። መጉረስ አቃተኝ።

«ሀረግ፣ እንጋባ» አለኝ።

አጠገባችን ሕንዶች ኳስ ይጫወቱ ነበር። ኳሷ እግራችን ሥር መጣች፤ መልሶ መታላቸውና ተቀመጠ።

«አባቴ ጴንጤ አገባች ብለው አንድ ዓመት አያናግሩኝም» አልኩት።

«ዓመቱን እንጠብቃለን።»

«ጾሜንስ?»

«ጾምሽን አልነካም። አንቺም መዝሙሬን አትነኪም።»

«ድምፅህ ጥሩ ከሆነ።»

እጄን ያዘኝ። እጄ ነጭ ሽንኩርት ይሸት ነበርና ልነጥቀው ስል አጥብቆ ያዘው። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ችግሩ አንድ ወረቀት ነው። ኢቃማዬ፣ ማለትም የመኖሪያ ፈቃዴ፣ በማዳም ስም ነበር። እሷ ተናዙል፣ ማለትም የመልቀቂያ ፊርማ ካልሰጠችኝ፣ ከግቢዋ ወጥቼ ከባል ጋር መኖር አልችልም፤ ብወጣ ጠፍታለች ተብዬ እታሰራለሁ። ነህምያ በስሙ ሊያዛውረኝና ውጭ እንድኖር ሊፈቅድልኝ የተስማማ አንድ አዛውንት ኩዌታዊ አግኝቷል። የቀረው የማዳም ፊርማ ብቻ ነው። የሁለት ዓመት ውሌ በጥር አለቀ። ቡናዋን ጠጥታ ደስ ባላት ሰዓት ገብቼ ጠየቅኳት።

ክፉ ሴት አልነበረችም። ልብስ ትሰጠኝ ነበር፤ ስጾም «ቀቅለሽ ብዪ» ብላ ምስር ትገዛልኛለች። ግን ቦርሳዋን ከፍታ አንዷን ካርድ አወጣችና ከፊቴ አስቀመጠች።

«ይሄን ያነበበ ሁሉ ይደውላል» አለችኝ። «ሰዉ የሚደውለው በዚህ ነው፤ የሚመለሰው ባንቺ እጅ ነው። እንዴት እለቅሻለሁ? ሌላ ሁለት ዓመት ቆዪ፣ ደሞዝሽን እጨምራለሁ።»

ጣቷ ያረፈው የነህምያ ቃል ላይ ነበር።

በስልክ ስነግረው ነህምያ አለቀሰ አልልም፤ እስከ መጨረሻው አደመጠኝ። ከዚያ «ንግዱ ይሙት» አለ።

«እንዴት?»

«ምግቡን አበላሺው። ትንሽ ትንሽ። ጨው አብዢበት። ስልኩ ካልጮኸ ምን ታደርግብሻለች? ትለቅሻለች።»

ቆጣ አልኩ። «እጄን አበላሺ ነው የምትለኝ? እዚህ አገር የኔ የምለው ምን አለኝ? ስሜን እንኳ በትክክል አይጠሩትም፤ እጄን ግን ያውቁታል።»

«አውቃለሁ።»

«አታውቅም! አንተስ? እኔ እጄን ልጣል፣ አንተ ምን ትጥላለህ?»

«እኔ ቃሉን እጥላለሁ። ለየካቲት የኩዌት በዓል ብዙ ካርድ አዛለች። ቃሉን አወጣዋለሁ፤ ካርዱን እንደ መድኃኒት ቤት ማስታወቂያ አደርገዋለሁ። የሚደውለው ሰው ያንሳል፤ የደወለው ደግሞ አይመለስም። ማንም ሳይጮኽ ነገሩ በራሱ ይሞታል።»

አሰብኩበት። ጥሩ ሐሳብ ነበር። ሁለታችንም የምንወደውን ነገር እንሰጣለን፣ እንገናኛለን።

«ማልልኝ» አልኩት።

«እኛ አንምልም፣ ሀረግ። አዎ ካልን አዎ ነው።»

«እኔ ግን እምላለሁ። ማርያምን አደርገዋለሁ።»

«አዎ» አለ እሱም።

የበዓሉን ካርድ ማዳም ረመዳንን ብቻ ልካ አስመጣች፤ እሱም በካርቶን እንደታሸገ ከማተሚያ ቤቱ አውጥቶ በየሱቁና በየቤቱ አደለው። እኔ አላየሁትም። ስልኩ ግን መጮኹን አላቆመም፤ እንዲያውም ባሰበት። አምስት ቤት፣ ዘጠኝ ቤት፣ አሥራ አራት ቤት። በዓል ስለሆነ ነው ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ቢሆንም ደወልኩለት።

«ካርዱ አለቀ?»

«አለቀ» አለኝ።

«እንዳልነው?»

«ሰው ቆሞብኛል፣ ሀረግ፤ በኋላ ልደውል» አለና ዘጋ። አልደወለም። ሥራ በዝቶበት ነው አልኩ። የምወደው ሰው ስለሆነ ሁለተኛ አልጠየቅኩትም።

በዓሉ የዋለው በሁዳዴ ነው። ከንጋት ጀምሮ አራት ትልልቅ ድስት ጣድኩ። መረቁ ሲፈላ ጨዉን በእፍኜ ዘግኜ ቆምኩ። እጄ የለመደውን ያህል ጣለና ተጨበጠ፤ የቀረውን አልለቅም አለ። ማርያምን ብያለሁ አልኩት ለእጄ። ከፈትኩት። ደግሜ ዘገንኩ፣ ደግሜ ጣልኩ። የራሴን ልጅ የመታሁ ያህል ነው የተሰማኝ፤ ሽንኩርት ሳልልጥ አለቀስኩ። ሩዙ ወርቅ መስሎ ወጣ፣ መዓዛው ግቢውን ሞላው። ረመዳን ሲጭን «ዛሬስ እጅሽ ይባረክ» አለኝ። ቀና ብዬ ላየው አልቻልኩም።

እኩለ ቀን ሳይሞላ ስልኩ ጮኸ። ቀጥሎም ጮኸ። የማዳም ባል አለቃ ቤት፣ የወንድሟ ቤት፣ በእንግዳ የተሞላ የወንዶች መሰብሰቢያ ሁሉ። ማዳም በሳህን የተመለሰ ምግብና ማንኪያ ይዛ ወጥ ቤት ገባች።

«ቅመሺ።»

«ማዳም፣ ጾም ነው።»

«ለጾምሽ ብዬ አይደል ሳትቀምሺ ስታበስዪ ዝም ያልኩሽ? ቅመሺ!»

ቀመስኩ። ጾሜን የፈታሁት በገዛ ተንኮሌ ነው። ምላሴ ተቃጠለ። ማዳም አልመታችኝም። ብትመታኝ ይሻል ነበር። የበዓሉን ካርድ አውጥታ ፊቴ ላይ ያዘችው።

«ይሄን አንብበው ነው የተቀመጡት! ይሄን አንብበው እንግዳ የጠሩት! በምን ዓይኔ ላያቸው ነው?»

የነህምያ ቃል በቦታው ነበር። በወርቅ ቀለም፣ ከድሮው በእጥፍ ጎላ ብሎ። እንዲያ ያማረ ካርድ ሠርቶ አያውቅም።

ተናዙል የሚባል ነገር በዚያው ቀረ። ማዳም በማግስቱ ትኬት ቆረጠች፤ የሩዙን ጆንያ አንስታ ኖኪያዬን ወሰደች። «ሌላ ቤት ሄደሽ ሌላ ሰው አታዋርጂም፤ አገርሽ ግቢ» አለች። ሻንጣዬን የጫነልኝ ረመዳን ነው። አውሮፕላን ማረፊያው በር ላይ ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ ነህምያ ጋ ደወለና ሰጠኝ።

«ሀረግ! የት ነሽ? ሁለት ቀን ስደውል—»

«አውሮፕላን ማረፊያ።»

«አውሮፕላን ማረፊያ?» አለኝ።

«ካርዱን አየሁት» አልኩት። «በጣም ያምራል።»

«ቃሉን አውጥቼው ነበር። እምልልሻለሁ፣ አውጥቼው ነበር። አለቃዬ ጣሂር አየውና ቀደደው። ‹ሴትዮዋ የምትፈልገው ያንን ቃል ነው፤ እምቢ ካልክ ሌላ ሠራተኛ አለኝ› አለኝ። ምን ላድርግ?»

«ምንም። እሱን አልጠይቅህም። ስልክ ግን ነበረህ። ስጠይቅህ አለቀ አልከኝ እንጂ አልሆነም አላልከኝም። ብትነግረኝ ኖሮ ያን ጨው አልጥለውም ነበር።»

የማተሚያ ማሽኑ ድምፅ ከኋላው ይሰማኛል። ሲመልስልኝ ድምፁ አነሰ።

«አታደርጊውም ብዬ ነበር።»

«ምን?»

«ጨዉን። እጅሽን እንዴት እንደምትወጂው አውቃለሁ። ድስቱ ጋ ስትደርስ አያስችላትም አልኩ። አንቺም ካላደረግሽው፣ እኔም ካላደረግሁት፣ እኩል ነን አልኩ። ሌላ መንገድ አብረን እንፈልጋለን አልኩ። እንደምታደርጊው ባውቅ...»

ሎሚው በዝቷል ብሎ እውነቱን የነገረኝ ሰው አሁንም እውነቱን ነገረኝ። ቢዋሸኝ እመርጥ ነበር። ጣሂርን ፈርቶ ቢሆን ይቅር እለው ነበር፤ እኔም ማዳምን ስፈራ ነው የኖርኩት። ግን እኔ በዚያ ጠዋት ድስት ላይ ቆሜ እጄን ስከፍት፣ እሱ እጄ እንዳይከፈት ተስፋ እያደረገ ነበር። ለሱ ስል ምን ልሰጥ እንደምችል አልገመተም።

«አደረግሁት እኮ፣ ነህምያ» አልኩት።

«አውቃለሁ።»

«ለኛ ብዬ።»

«አውቃለሁ። ሀረግዬ፣ እመጣለሁ። ወልድያ ድረስ እመጣለሁ። አባትሽ እግር ላይ እወድቃለሁ። እምቢ አትበዪኝ። የሆነ ነገር በዪኝ።»

እወደው ነበር። ይሄን አልደብቅም፤ ያን ሰዓት፣ በዚያ ሁሉ ሰውና ሻንጣ መሃል፣ ከመቼውም የበለጠ እወደው ነበር። አንድ ቃል ብናገር እሺ የሚለው ቃል እንደሚያመልጠኝ አወቅኩት። እሺ ካልኩት ደግሞ ዕድሜዬን ሙሉ አጠገቡ ቁጭ ብዬ ምን ያህል እንደገመተኝ ስለካ እኖራለሁ። ስልኩን ከጆሮዬ አንስቼ ለረመዳን ሰጠሁት።

«ዘጋ?» አለኝ ረመዳን።

«አልዘጋም። እየጠበቀኝ ነው» አልኩትና ሻንጣዬን አንስቼ ገባሁ።